ሰው አይቆጠርም ያሉት እትዬ መሪማ

ሱዳን ውስጥ አብዮቱ አሮጌውን መንግሥት ከጣለ ዓመት ሊሞላው ነበር። የወሎዋ እትዬ መሪማ ሃያ ዓመት በሰው ቤት የሠሩ ሴት ናቸው። አንድ ቀን ሳጃና ሰፈር መንገድ ዳር ባለሦስት እግሩን ታክሲ፣ ረክሻ፣ ሲጠብቁ፣ ነርስነት ተምሮ የቀን ሥራ ከሚሠራው ተድላ ጋር ተገናኙ።

«እትዬ፣ ጤና ጣቢያው ኢቃማ የሌላትን ወላድ ይቀበል አይቀበል የሰፈሩ ኮሚቴ፣ ለጅናው፣ ነገ ይወስናል። ስለ ሐበሾቹ የሚናገሩት እርስዎ ነዎት» አላቸው።

የመሪማ እህት ልጅ ሀኒፋ ወሯ ገብቷል፤ ኢቃማ የሚሉት የመኖሪያ ፈቃድ የላትም።

«ወረቀት አምጪ ሲሏት በር ላይ ደሟ ፈሶ የሞተችውን ሉጥፊያን እነግራቸዋለሁ። ድንጋይም ቢሆኑ ያለቅሳሉ» አሉ መሪማ።

«ያለቅሳሉ፤ ከዚያስ? ባለፈው ኩላሊቱን ለታመመው ልጅ አልቅሰን ለእሱ ብቻ አዋጣን፤ ሌሎቹ በሽተኞች እንዳሉ ቀሩ። አሁንም ‹ምስኪን› ብለው ያልፏታል። ከበር የተመለሱትን እንቁጠራቸው።»

«ተው ልጄ፣ ሰው አይቆጠርም። የተቆጠረ ይጎድላል። እኛ አገር ልጆቿን የምትቆጥር እናት የለችም።»

ተድላ መማሩ ከክርክር ያዳነው ያን ቀን ነው። «እሺ፣ አይቁጠሩ፤ ስማቸውን ብቻ ይንገሩኝ» አለ።

ስም መጥራት ነውር የለውም። ረክሻ ውስጥ የወለደችው አበባ፣ መንታዎቿን ያጣችው ሸዋአለም... አንዷ ሌላዋን እየጠራች መጣች። ሲጨርሱ «ስንት ሆኑ?» ብለው የጠየቁት ራሳቸው ናቸው።

«በአንድ ዓመት ሃያ ሦስት። አራቱ ሞተዋል።»

መሪማ መንገዱ ዳር ቁጭ አሉ። «እኔ እኮ ለሉጥፊያ ብቻ ሳለቅስ ከረምኩ። ሦስቱን ማን አለቀሰላቸው? ለካ መቁጠርም ማንንም አለመርሳት ኖሯል» አሉ።

በማግስቱ መሪማ የሉጥፊያን ነገር ሲጨርሱ፣ የለጅናው ሰብሳቢ ሁዘይፋ ዓይኑን ጠረገ። «አላህ ይዘንላት ሐጃ። ግን አንድ ጊዜ የደረሰ ክፉ አጋጣሚ ነው» አለ።

«ሃያ ሦስት ጊዜ ነው ልጄ» አሉ መሪማ፤ ተድላም ስማቸውን ከበር ከተመለሱበት ወር ጋር አነበበ። ሁዘይፋ ወረቀቱን ተቀብሎ ራሱ ደግሞ አነበበው። ምጥ የያዛት ሁሉ መጀመሪያ እንድትገባ፣ ወረቀቷ በኋላ እንዲጠየቅ ተወሰነ። የሚገቡትም በመዝገብ ይጻፉ ተባለ፤ መዝገቡም ውሎ አድሮ ሥራው ለአንዲት አዋላጅ እንደበዛ ስላሳየ ሁለተኛ አዋላጅ ተጨመረች። እንባ ሰውን ከመቀመጫው ያስነሳል፤ ወዴት እንደሚሄድ የሚያሳየው ቁጥር ነው።

ሀኒፋ ከውሳኔው በዘጠነኛው ቀን እዚያው ጤና ጣቢያ በሰላም ተገላገለች። መሪማ ግን አራሷን ከማየታቸው በፊት ወደ መዝጋቢው ሄዱ።

«የኔን ልጅ ጽፈሃታል?» አሉት።