ዝናቡን አሰሚኝ

ድንበር ማዶ ባለችው የወደብ ከተማ፣ ከቡላኦስ ሰፈር በተነሳው ሚኒባስ ውስጥ አንድ የከባድ መኪና ሹፌርና አንዲት የድሬዳዋ ነጋዴ ከፊቴ ተቀምጠው ያወራሉ።

«ድሬን ጎርፍ የመታት ሌሊት እኔ እዚሁ ወደብ ወረፋ ላይ ነበርኩ። ከተሳቢው ስር ተኝቼ አድሬ ጠዋት በሬዲዮ ሰማሁ። አንቺስ?»

«እዚሁ ካርቲየ 1 ሰፈር፣ ጣራ ላይ። በሐምሌ ሙቀት ማን ቤት ውስጥ ይተኛል?»

«እውነትሽን ነው።»

«እህቴ ከድሬ ደወለች። ‹እየዘነበ ነው› አለችኝ። ‹አቦ፣ አሰሚኝ› አልኳት።»

«ዝናቡን?»

«ሁሌም እንደዚህ ነበርን። እዚያ ሲዘንብ ስልኩን ወደ ቆርቆሮው ከፍ አድርጋ ትይዝልኛለች፤ እኔ እዚህ ዓይኔን ጨፍኜ ስሰማው ሙቀቱ ይለቀኛል።»

«የዚያን ሌሊትስ?»

«እንደዚያ ዘንቦ አያውቅም። ደስ ሲል! እየሰማሁ እንቅልፍ ወሰደኝ።»

«ስትነቂስ?»

«ስልኩ ተቋርጧል። ካርድ የጨረሰች መስሎኝ ተገላብጬ ተኛሁ።»

«እሷስ?»

«የደቻቱ ወንዝ ሞልቶ ከነቤቷ ወሰዳት።»

«አላህ ይማራት።»

«አሚን። አሁንም ሙቀቱ ሲጠናብኝ ያ ዝናብ ጆሮዬ ላይ ይመጣል። ያቀዘቅዘኛል ደግሞ።»

ኪሴ ውስጥ የሚጠራውን ስልክ አውጥቼ አነሳሁና «ሃሎ» ሳልል ጆሮዬ ላይ ለጥፌው እያዳመጥኩ ቆየሁ።