የዩታ በረዶ ዱቄት ነው አሉ

ፀጋዬ፣ ነይ እዚህ ተቀመጪ የኔ እናት፤ በሩ ጋ ብርድ ይገባል። ስብከቱ እንዴት ነበር? እኔን እንኳ መታኝ። መኪናሽ ጠዋት ተነሳችልሽ? የኔ እምቢ ብላኝ ጎረቤቴ ነው ጃምፕ ያደረገልኝ። ይሄ የሚኒሶታ በረዶ መቼም... ለነገሩ በረዶም ዓይነት አለው አሉ። አልሰማሽም? የኛው ከባድ፣ እርጥብ፣ ለምንም የማይሆን ነው፤ የዩታው ግን ደረቅ፣ ለሸርተቴ የሚመች ዱቄት ነው አሉ።

ማን አለ? ኧረ እኔ ስም አልጠራም! የትምወርቅ ምላሷ ረዘመ እንዳይሉኝ። እንዲህ ጮክ ብዬ የማወራውም ጆሮዬ ስለደከመ ነው እንጂ፣ ከኋላችን ለተቀመጠ ሰው ብዬ አይደለም። ብቻ አንድ የተባረከ ወንድም አለ እንበል። ለአንድ ሳምንት የበረዶ ሸርተቴ ሊጫወት ተራራ ሲመርጥ ብታዪው! ሚስቱን ሲያጭ እንኳ እንዲህ አልተጨነቀም። ኮሎራዶ ከፍታው ራስ ያዞራል፤ ሞንታና ደግሞ ይበርዳል አለ። እንግዲህ ከሚኒሶታ ተነስቶ ሞንታና ይበርዳል! አራዳ እኮ ነው።

በረዶ መውደዱ ነው የሚገርመኝ። ደጁ ላይ የወደቀውን ግን አይነካም... ጥራቱን አልወደደው ይሆናል። እሱን የሚጠርጉ አንዲት እናት አሉ፤ ኩን ራፒድስ ልጃቸው ቤት ሊያርፉ የመጡ። ያን ለት "ልጄ ሥራ እንዳይረፍድበት" ብለው አካፋ ይዘው ወጡና የመኪናው መውጫ ድራይቭዌይ ላይ ተንሸራተቱ። እና ከዚያ ቤት ሸርተቴ የጀመሩት እሳቸው ናቸው ማለት አይደል? ያለ አስተማሪ፣ ያለ ሄልሜት! ይኸው ጉልበታቸው ኦፕራሲዮን ሊሆን ቀጠሮ ተይዞለታል። መቼ መሰለሽ? እዚያችው የዱቄት ሳምንት ላይ፣ ማክሰኞ። ሪዞርቱ ደግሞ አንዴ ቡክ ከተደረገ ካንስል አይደረግም አሉ። ምን ያድርግ ታዲያ? ኦፕራሲዮን እኮ ልጅ ባይኖርም ይሆናል፤ ተራራው ግን እሱ ቢቀርበት ምን ይውጠዋል?

ክፉ እንዳታስቢ ደግሞ፤ አሳቢ ልጅ ነው። "ሆስፒታል የሚቀርበው የትኛው ነው?" እያለ ሪዞርት ሲያማርጥ በጆሮዬ ሰምቻለሁ። እኔ ሞኟ፣ እሰይ፣ የእናቱ ነገር ከንክኖት ነው ብዬ ደስ አለኝ። ለካ ድንገት እግሩ ቢሰበር ብሎ ነው። እውነቱን ነው፤ ሰው አገር ታሞ አጠገብ ዘመድ ማጣት ከባድ ነው... አይደለም እንዴ?

ሐሙስ ለት የቤት ኅብረቱ ፊሊፕስ ሰፈር እኔ ቤት ነበር፤ አንቺ ሥራ ገብተሽ አልመጣሽም። የጸሎት ርዕስ ያላችሁ ስንል ሦስቱን ተራሮች አስያዘን። "ጌታ የወደደው የቱ እንደሆነ አብራችሁኝ ጸልዩ" አለ። ጸለይን፣ ምን እናድርግ? ዩታ ላይ ሰላም ተሰማው። ተራራ ይነሳልኝ ብሎ ሲጸልይ ያየሁት ሰው ብዙ ነው፤ ተራራ ይሰጠኝ ብሎ ሲጸልይ ግን እሱ የመጀመሪያዬ ነው። ከዚያ እናትየው እጃቸውን አወጡ። የጉልበታቸውን ነገር ሊያነሱ ነው ብዬ ጠበቅሁ። ምን ቢሉ ጥሩ ነው? "ልጄ ከዚያ ተራራ እንዳይወድቅብኝ ጸልዩልኝ።" ፀጋዬ፣ አንጀቴን በሉት፤ ዓይኔን ጨፍኜ አለቀስኩ። እሱ ደግሞ "አሜን!" አለ፤ ከሁላችንም ቀድሞ፣ ጮክ ብሎ። እምነቱ ያስቀናል።

ስለዚህ ማክሰኞን እኔና አንቺ ነን። እኔ ፈረቃ ቀይሬ ጠዋት እወስዳቸዋለሁ፣ አንቺ ከሰዓት ትገቢያለሽ። እንግሊዝኛ የላቸው፤ አስተርጓሚው እንደሆነ በስልክ ነው፤ ሲነቁ የሚያውቁት ፊት ማየት አለባቸው። "ልጄ የት ደረሰ?" ማለታቸው አይቀርም። ጫፍ ላይ ነው እማማ፣ ከፍ ብሏል በያቸው። ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል ይባላል፤ የሸርተቴ ጫማ ይጨምር እንደሆነ እንጃ።

ውይ! አንተ! ከኋላችን ነበርክ እንዴ? በሞትኩት፣ ሳላይህ! ልትሄዱ ነው? ይቺ ልጅህ ናት እንዲህ ያደገችው? "ሃይ" አለችኝ፣ የኔ ቆንጆ! እሷንም ሸርተቴ ልታስተምራት ነው አሉ። ደግ አደረግህ፤ ልጅ የሚማረው አባቱን እያየ ነው። ና እስቲ ጎንበስ በል ልመርቅህ። በሰላም ሂዱ፣ በሰላም ተመለሱ፤ አንዲት አጥንትህ አትነካ። ጉልበትህ እስኪደክም፣ ምርኩዝ እስክትይዝ ዕድሜ ይስጥህ። ያኔ ይቺ ልጅህ፣ አንተ ለእናትህ የሆንከውን አንዲት ሳታጎድል ትሁንልህ።

አሜን በል እንጂ! ሐሙስ ለት እንዴት አድርገህ ነበር ያልከው?