ወገቤን አይደለም

እኔ ጠብ ሰምቼ ቤት የምቀመጥ ሴት አይደለሁም። ያን ዕለት ግን አንዲት ጎረቤቴ ባሏን አጥር ጥግ ይዛ ልክ ልኩን ስትነግረው እየሰማሁ፣ ከአልጋዬ ተነስቼ በቀዳዳ ማየት እንኳ ደከመኝ። ወሬ ያስጠላኝ ጊዜ ነው መታመሜን ያመንሁት። ደረቴ ላይ እርጥብ ጆንያ የተጫነ ያህል ነው፤ አልቅሼ እንዳይወጣልኝ እንባውም የለም። ሆስፒታል ሄድሁ፤ ሐኪሟ «ድባቴ ነው፤ ይታከማል» ብላ መድኃኒት ሰጠችኝ። አብራኝ የሄደችው እህቴ ግን ሰፈር ሳንደርስ ክንዴን ያዘችኝ። «እታለም፣ ለሰው ወገቤን ነው በይ። አበደች ይሉሻል፤ ልጅሽንም የሚያገባት አይገኝ።»

በማግስቱ ውሃ ልቀዳ ቦኖ ወረድሁ። የከተማችን የቆሰበር ዝናብ ጋብ ብሎ ሴቶቹ ጀሪካናቸውን ደርድረው ቆመዋል። «ምነው ጠፋሽ? ምን ነካሽ?» አለችኝ ጎረቤታችን ጥሩዬ። ወገቤን ልል አፌን ስከፍት እልህ ያዘኝ። የሰፈሩን ጉድ ሁሉ ሳወራ ኖሬ የራሴን ልደብቅ?

«ድባቴ ይዞኛል፤ መድኃኒት ጀምሬያለሁ» አልሁ ጮክ ብዬ።

ጥሩዬ ሳቀች። «አንቺን? ይኸን አፍ ይዘሽ?»

«አዎ፣ እኔን! ታይፎይድ ሲይዘኝ አጥሚት ይዛችሁ መጥታችሁ የለ? አሁንም ታምሜያለሁ፤ ኑና ጠይቁኝ!»

ጀሪካኔን አዝዬ ስመለስ ጥሩዬ ከኋላዬ ደረሰችብኝ። ግራ ቀኝ አየችና «እንቅልፍም ይነሳል?» አለችኝ በሹክሹክታ።

«ይነሳል እንጂ! ነገ ሆስፒታል አብረን እንሄዳለን» አልኋት፤ «ያውም በገበያው መሃል አቋርጠን።»