ቀድማ የነገረች እናት

ከይርጋጨፌ ወደ ዲላ በሚሄድ ሚኒባስ ከኋላዬ ሁለት የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች ተቀምጠዋል። የፈተና ሐሜት ጠብቄ ነበር።

«እህቴ ውጭ አገር ከወንድነት ወደ ሴትነት የተለወጠችበትን ሁሉ በቪዲዮ ቀርጻዋለች። ኢንተርኔት ላይ ልልቀቀው ወይስ ይቅር እያለች ወር ሙሉ ተጨነቀች።»

«እናትሽስ? እሷ ያለችበት ኮንጋ እኮ ስልክ የሌለው ዶሮ ብቻ ነው።»

«ለእሷ ፈርታ አይደል የተጨነቀችው። በመጨረሻ ደውላ ጠየቀቻት።»

«ምን አለቻት?»

«‹ትንሽ ጠብቂኝ› ብላ ዘጋችው። በነጋታው የቡና ማድረቂያ አልጋው ላይ አብረዋት ብልሹ ፍሬ ለሚለቅሙት ሴቶች ራሷ ነገረቻቸው።»

«አንቺ፣ እነሱስ?»

«ሁለቱ ተነስተው ወደ ሌላ አልጋ ሄዱ። አንዷ ግን አብራት ቀረች።»

«ከዚያስ?»

«ማታ ደወለችላት። ‹ከእኔ ሰምተዋል፣ አሁን ልቀቂው› አለቻት።»

አብራት የቀረችውን ሴት ስም ልጠይቅ ዞር አልኩና ሳልጠይቅ ዲላ ገባን።