አቶ አደርባል በመድኃኒት ቤቱ ደጃፍ እንዴት እንደወደቁ

የምስክር ስም፦ ወ/ሮ ማርሉሲያ ባስቶስ
ዕድሜ፦ 49 ዓመት
ሥራ፦ የጥርስ ክሊኒክ እንግዳ ተቀባይ
አድራሻ፦ ኒተሮይ ከተማ፣ ፎንሴካ ሰፈር
ቃሉ የተሰጠበት ቀን፦ ዓርብ፣ ኦገስት 16 ቀን 2019 (እ.ኤ.አ.)
ቃሉን የተቀበለው፦ መርማሪ ኤቫንድሮ ፒሜንታ

ስሜና አድራሻዬ ከላይ የተገለጸው ምስክር፣ በዓይኔ ያየሁትንና በጆሮዬ የሰማሁትን ብቻ እንድናገር፣ ሐሰት ብናገር በሕግ እንደምጠየቅ ተነግሮኝ የሚከተለውን ቃል ሰጥቻለሁ።

ሟች አቶ አደርባል ኬይሮስን ካወቅኋቸው አሥራ አምስት ዓመት ሆኖኛል። ጡረታ የወጡ የፖስታ ቤት ሠራተኛ ነበሩ። ዛሬ መድኃኒት ቤት የሆነው ቤት ያኔ ጁጂትሱ የሚባለው የትግል ስፖርት ማሰልጠኛ ነበር፤ ሁለታችንም ትግሉን የጀመርነው በአንድ ሰሞን ነው። ወጣቶቹ እሳቸውን በዕድሜያቸው፣ እኔን በውፍረቴ ምክንያት ስለሸሹን አሰልጣኙ እኛኑ እርስ በርስ አጣመረን። የመጀመሪያው ቀን አቶ አደርባል "አይዞሽ ልጄ፣ እዚህ ቤት ከእኛ በታች ማንም የለም፤ ከዚህ ወዲያ የት እንወድቃለን?" አሉኝ። አብረውን ከጀመሩት መካከል ዓመት የቆየ አልነበረም። እኛ ግን ሰኞና ረቡዕ ጠዋት እኔ ሥራ ከመግባቴ በፊት መሄዳችንን አልተውንም። እሳቸው ጎድናቸው ተሰብሮ፣ ሲጠገን ተመለሱ፤ እኔ ባሌ ጥሎኝ የሄደ ሳምንት እንኳ አልቀረሁም። ውድድር ገብተን አናውቅም። ከጥቁሩ አንድ ደረጃ ዝቅ የሚለውን ቡናማ ቀበቶ የታጠቅነውም ወጣቶቹ የሚፈጅባቸውን ዘመን እጥፍ ፈጅተን ነው።

አምና አሰልጣኙ ሲሞት ወራሾቹ ቤቱን ሸጡት። በዚያው ሰሞን አቶ አደርባል ነገር መርሳት ጀመሩ። ቅዳሜ ቅዳሜ ወደ ቤታቸው እየሄድኩ ጓሮ ውስጥ አሮጌ ፍራሽ አንጥፈን እንለማመድ ነበር። ስሜን እየረሱ እንኳ እጃቸው ኮሌታዬን አሳስቶ አይዝም ነበር።

ባለፈው ሰኞ፣ ኦገስት 12 ቀን፣ ከጠዋቱ አንድ ሰዓት ግድም ባለቤታቸው ወ/ሮ ዙሌይዴ ስልክ ደውለው "ማርሉሲያ፣ ሰውዬው የለም። የትግል ልብሱም የለም" አሉኝ። ወዴት እንደሄዱ ወዲያው ስለገባኝ አውቶቡስ ተሳፍሬ ድሮ ማሰልጠኛችን ወደነበረው ቤት ሄድኩ። ስወርድ በመንገዱ ማዶ አየኋቸው። ነጩን ልብስ ለብሰው፣ ቀበቶአቸውን ታጥቀው ነበር። ነጠላ ጫማቸውን ደጃፉ ላይ አውልቀው፣ ፍራሽ ላይ ስንወጣ እንደምናደርገው ጎንበስ ብለው እጅ ነሱና ወደ በሩ ተራመዱ። የመድኃኒት ቤቱ ጥበቃ፣ ወጣት ዌሊንቶን ሳንታና፣ በሩ ላይ አስቆማቸው።

መንገዱን ተሻግሬ ስቀርብ ጥበቃው "አባት፣ በባዶ እግር አይገባም፤ ቤትዎ የት ነው?" ሲላቸው ሰማሁ። አቶ አደርባልም "አዲስ ነህ መሰለኝ። ና፣ አትፍራ፣ ቀስ ብዬ ነው የምይዝህ" አሉት። ይህን ብለው በአንድ እጃቸው ኮሌታውን፣ በሌላው እጅጌውን ያዙ።

ሟች ጥበቃውን ለመጉዳት ነው ወይ የያዙት ተብዬ ተጠይቄ፦ አይደለም። በእኛ ዘንድ ልምምድ የሚጀመረው እንዲህ ነው። ሊጥሉት ቢፈልጉ ኖሮ አፉን ሳይከፍት መሬት ላይ ነበር። ጥበቃው ግን ይህን በምን ያውቃል? "ይልቀቁኝ አባቴ፣ ይልቀቁኝ" እያለ ሲለምናቸው ሰምቻለሁ። እኔም "ተዋቸው፣ አሟቸው ነው" ብዬ ተጣራሁ፤ አልደረስኩም። ጥበቃው በሁለት እጁ ገፈተራቸው። አቶ አደርባል ወደ ኋላ የወደቁት እንደተማርነው ነው፤ አገጫቸውን ወደ ደረታቸው ሰብስበው፣ ክንዳቸውን ዘርግተው። ፍራሽ ቢሆን ይነሱ ነበር። ግን የመድኃኒት ቤቱ ደረጃ ጠርዝ ማጅራታቸውን መታቸው።

ጥበቃው ሸሚዙን አውልቆ ከራሳቸው ሥር አደረገ። አምቡላንስ የጠራውም እሱ ነው። እኔ አጠገባቸው ተንበርክኬ እጃቸውን ያዝኩ። ዓይናቸውን ገልጠው "ማርሉሲያ፣ ዛሬስ አረፈድሽ" አሉኝ። በስሜ ከጠሩኝ ብዙ ጊዜ ሆኗቸው ነበር። "መንገዱ ተዘጋግቶብኝ ነው፣ ጋሼ" አልኳቸው። "በይ ቶሎ ልብስሽን ቀይሪ" አሉ። ከዚያ ወዲያ አልተናገሩም። በማግስቱ ከሰዓት በኋላ ሆስፒታል ውስጥ አረፉ።

ትናንት ከቀብር ስንመለስ ወ/ሮ ዙሌይዴ ዛሬ ቃል እንደምሰጥ ሰምተው "ለገደለው ልጅ ልትመሰክሪለት ነው?" አሉኝ። "ያየሁትን ነው የምናገረው፣ እትዬ" ብዬ መለስኩ። "እንግዲያው ደጄን እንዳትረግጪ" አሉኝ። አልፈርድባቸውም፤ ባላቸውን ነው የቀበሩት። ቃሌን ግን አልለውጥም።

የምትጨምሪው አለ ወይ ተብዬ ተጠይቄ፦ ዛሬ ወደዚህ ስገባ ጥበቃውን ኮሪደር ላይ ተቀምጦ አገኘሁት። ተነስቶ "እትዬ፣ ሰውዬው ምን ፈልገው ነበር?" አለኝ። "ሊያለማምዱህ ነበር" አልኩት። ፊቱን በእጁ ሸፍኖ ተቀመጠ። ከዚህ ሌላ የምጨምረው የለኝም።

ከላይ የሰፈረው ቃል በሚገባኝ ቋንቋ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ተነቦልኝ፣ ሳልገደድና ሳልባበል የሰጠሁት የራሴ ቃል መሆኑን አረጋግጬ ፈርሜያለሁ።

የምስክር ፊርማ፦ ማርሉሲያ ባስቶስ
የመርማሪ ፊርማ፦ ኤቫንድሮ ፒሜንታ