በፌስታል የተያዘው ስፖንጅ

መጋቢት 9 ቀን። ተጠርጣሪው ሲያዝ በእጁ የተገኘው አንድ እርጥብ ስፖንጅ ብቻ ነው።

የምስክር ስም፦ በመዝገቡ ሽፋን ላይ የሰፈረው
ዕድሜ፦ 44
ሥራ፦ የሆቴል ልብስ አጣቢ
አድራሻ፦ ሁለተኛ ፎቅ፣ ከተጠርጣሪው ቤት ቀጥሎ ያለው በር
ከተጠርጣሪው ጋር ያላት ግንኙነት፦ ጎረቤት
ቃሉ የተሰጠበት ሰዓት፦ ከቀኑ ሰባት ሰዓት

እኔ ከላይ የተገለጽኩት ምስክር ስለ ጉዳዩ የማውቀውን ስጠየቅ የሚከተለውን ቃል ሰጥቻለሁ።

ተጠርጣሪው ጸጉር አስተካካይ ሲሆን ብቻውን ይኖራል። የሕንፃው ሰው ጋሼ ሹክሹክታ ይለዋል። ይህ ስም የወጣለት ምስጢር ሲያወራ አራተኛ ፎቅ ድረስ ስለሚሰማ ነው። በጠብም ሆነ በሌብነት አላውቀውም።

በቅርቡ ሴት ልጄ ከደረጃ ወድቃ እግሯ ተሰብሮ ሆስፒታል ተኛች። ወንድሜ ስትመለስ ደስ ይበላት ብሎ የመስታወት የዓሣ ገንዳ ከነማጣሪያው ገዝቶ ሳሎን ውስጥ፣ በረንዳው በር አጠገብ አስቀመጠ። ውሃ ሞላበትና በዚያው ዕለት ሰባት ዓሣ ጨመረበት። ፎቶውን ላከላት። ልጄም በስልክ "እማዬ፣ እኔ እስክመጣ አደራ" አለችኝ። ከሆስፒታል የምትወጣው ዛሬ በዘጠኝ ሰዓት ነው።

ዓሣ ይዤ አላውቅም። የማውቀው ማጠብ ነው። ስለዚህ ከሥራ በተመለስኩ ቁጥር ውሃውን በሙሉ እየደፋሁ፣ ጠጠሩን በብሩሽ እየፈተግሁ፣ የማጣሪያውን ስፖንጅ በሙቅ ውሃና በበረኪና እያጠብኩ ገመድ ላይ አሰጣው ነበር። ገንዳው ያንጸባርቅ ነበር። ሦስት ዓሣ ሞተብኝ።

ትናንት ሦስተኛውን በወረቀት ጠቅልዬ ስወጣ ጋሼ ደረጃው ላይ አገኘኝ። ጸጉር ቤቱ ውስጥ ለብዙ ዓመት ዓሣ ያኖረ ሰው ነው። ገብቶ ገንዳውን አየና ገመዱ ላይ የተሰጣውን ስፖንጅ አየ።

"አንቺ ሴትዮ፣ የምታጥቢው ዓሣ ነው አንሶላ?" አለኝ።

ንጹሕ ውሃ ነው የሰጠኋቸው አልኩት።

"ንጽሕናው ነው የፈጃቸው። ከዓሣው የሚወጣው ነገር መልሶ ራሱን ይመርዘዋል። ያንን መርዝ የሚበላ፣ በዓይን የማይታይ ነገር አለ፤ ስፖንጁ ላይ ነው የሚራባው። አዲስ ገንዳ ላይ ገና አልተራባም። የጀመረውንም አንቺ በበረኪና ትጨርሺዋለሽ። የቧንቧ ውሃም ሳያድር ከተሞላባቸው በውስጡ ያለው መድኃኒት ይጎዳቸዋል።"

ከራሱ ገንዳ ያረጀ ስፖንጅ አምጥቶ ማጣሪያው ውስጥ ሊያደርግልኝ ጠየቀኝ። እኔም "የጸጉር ቤት ዝቃጭ ልጄ አጠገብ አይደርስም" ብዬ በሩን ዘጋሁበት። ከበሩ ውጭ ሆኖ ለራሱ "እልህ ምላጭ ያስውጣል" ብሎ ሲያንሾካሽክ እኔም የላይኞቹ ጎረቤቶችም ሰምተናል።

ዛሬ ጠዋት በአሥራ ሁለት ሰዓት ወደ ሥራ ሄድኩ። ልብሱን ነፋስ እንዲያገኘው የበረንዳውን በር ገርበብ አድርጌ መተው ልማዴ ነው። ማጠቢያው ክፍል ውስጥ የማሽኑ ድምፅ ስልክ አያሰማም። ለሻይ ስወጣ የሕንፃው ጥበቃ ደወለና "በበረንዳሽ ሲገባ የያዝኩት ሰው አለ" አለኝ። ማን እንደሆነ ሳልጠይቅ "እንዳትለቀው" አልኩት። ጋሼ ከዚያ በፊት ደጋግሞ ደውሎልኝ እንደነበር ያየሁት ስልኩን ከዘጋሁ በኋላ ነው።

ቤቴ ስደርስ ያየሁት እንደሚከተለው ነው። የጠፋ ዕቃ የለም። ገንዳው አጠገብ የጋሼ ጀሪካን ባዶውን ቆሟል፤ ወለሉን እንዳያረጥብ ከሥሩ ፎጣ ተነጥፎለታል። የራሴ ባልዲ ከገንዳው የተቀዳ ውሃ ይዟል። ሁለቱን በረንዳዎች ከሚለየው አጭር ግንብ ሥር፣ በእኔ በኩል፣ ጫማው ጎን ለጎን ተቀምጧል። ትናንት ማታ ውሃ ላይ አፋቸውን ከፍተው ሲያለከልኩ የነበሩት አራት ዓሦች ወደ ታች ወርደው ይዋኛሉ።

ከዚያ በኋላ ያለውን ጋሼ ራሱ እዚህ ጣቢያ ነግሮኛል። ጠዋት ከበረንዳው ሆኖ ዓሦቹ ሲያጣጥሩ አየ። በር አንኳኳ፣ ደወለ፣ መልስ አጣ። ግንቡን ተሻግሮ የውሃውን ሩብ ያህል በጀሪካን ባሳደረው ውሃ ቀይሮ ሲያበቃ፣ ማታ ከጸጉር ቤቱ ገንዳ ያመጣውን ስፖንጅ ሊወስድ ወደ ቤቱ ተመለሰ። ለሁለተኛ ጊዜ ሲሻገር አንድ እግሩ ወዲህ፣ አንድ እግሩ ወዲያ እንዳለ ጥበቃው ፊሽካ ነፋበት። "ምን ሰርቀህ ነው?" ሲባል ሰው እንዳይሰማ ብሎ ቀስ ብሎ "ስፖንጅ ነው" ሲል ግቢው በሙሉ ሳቀ። በባዶ እግሩ ነው የተወሰደው። ጥበቃውም ሥራውን ነው የሠራው፤ አልወቅሰውም።

መርማሪው "ሳትፈቅጂለት ገብቷል ወይስ አልገባም?" ብለው ጠይቀውኛል። ትናንት ከልክዬዋለሁ። አሁን ግን ፈቅጃለሁ፤ ከጠዋቱ ጀምሮ እንደፈቀድኩ ይመዝገብልኝ። ጥበቃውን እንዳትለቀው ያልኩት እኔ ነኝ፤ እንዲለቀቅ የምጠይቀውም እኔው ነኝ። በሩን የዘጋሁበት ሰው በማግሥቱ ወለሌን ላለማቆሸሽ ጫማውን አውልቆ የልጄን አደራ ጠብቆልኛል። አመሰግነዋለሁ። ጫማውን ይዤለት መጥቼ ለተረኛው አስረክቤአለሁ።

ውሃው የተቀየረው ለጊዜው ነው፤ ዓሦቹ እንዲሰነብቱ ስፖንጁ ያስፈልጋል፣ ከደረቀ ደግሞ አይረባም። ጋሼ ጣቢያው ከገባ ጀምሮ ውሃ ሲለምን የነበረው ለራሱ ሳይሆን ለማስረጃ በፌስታል ለተያዘው ስፖንጅ እንደሆነ መርማሪው ነግረውኛል። ሁለት ጊዜ እንዳጠጡለትም ገልጸውልኛል። እሳቸውንም አመሰግናለሁ። ስፖንጁ እንዲሰጠኝ ጠይቄ ተፈቅዶልኛል።

ይህን ቃል በምሰጥበት ጊዜ ተጠርጣሪው ከግድግዳው ማዶ ሆኖ ለአጠገቡ ሰው "ብቻ እንዳታጥበው!" ብሎ ሲያንሾካሽክ ሰምቻለሁ። መርማሪውም ሰምተዋል። እንዲጻፍልኝ ጠይቄ ተጽፏል። አላጥበውም።

ከላይ ያለው ተነቦልኝ የእኔ ቃል መሆኑን አረጋግጫለሁ፤ ያልኩት ሁሉ እውነት ነው፤ ሐሰት ቢገኝበት በሕግ እጠየቃለሁ።

የምስክር ፊርማ፦ ተፈርሟል
የመርማሪ ፊርማ፦ ተፈርሟል

ማሳሰቢያ፦ ምስክሯ የተጠርጣሪውን መለቀቂያ እስክናዘጋጅ እንድትቀመጥ ብትጠየቅም፣ ፌስታሉን በሁለት እጇ ይዛ "ልጄ በዘጠኝ ሰዓት ትወጣለች፣ እሱን ቤት እጠብቀዋለሁ በሉልኝ" ብላ ወጥታለች።