ንጹህ ውሃ የሚወድ ቤተሰብ

ከሰዓት በኋላ፣ በመንደሩ ምንጭ ዳር፤ አንዳርጌ አካፋውን ተመርኩዞ ቆሟል፣ ውጭ አገር ተምራ የተመለሰችው ታናሽ እህቱ ደብሪቱ እርጥብ አረንጓዴ ሳረንስት የለበሰው ድንጋይ ላይ ተቀምጣለች።

አንዳርጌ፦ ተነሺ ብያለሁ! ምንጩን የምገነባበት ሲሚንቶ ተቦክቷል፣ ይደርቅብኛል።

ደብሪቱ፦ ጋሼ፣ እስከ መስከረም ታገሠኝ። ወንዱን ገና አላገኘሁም። ያለ ወንዱ ወገናቸው አይለይም።

አንዳርጌ፦ ለቅንቅን ወንድ ፍለጋ! ራስሽ ባል ሳታገኚ።

ደብሪቱ፦ ሳቅብኝ። የዶሮ ቅንቅን እኮ አይደለም። የውሃ ነው፤ ስምንት እግር ያለው፣ የመዥገርና የሸረሪት ዘመድ። ኩሬ የሚወድ ወገን አለ፣ ወንዝ የሚወድም አለ። እነዚህ ግን ጥቂት ናቸው፤ ከምንጭ ዓይን፣ ከቀዝቃዛ ሳረንስት በቀር ቤት የላቸውም። ከገነባህበት ያልቃሉ።

አንዳርጌ፦ ይለቁ! ልጄ በዚህ ውሃ አይደል ያለቀችው? ክርስትና ሳትነሳ፣ ስም ሳይወጣላት ከቤተ ክርስቲያኑ ቅጥር ውጭ ቀበርኳት። አንቺ ለቅንቅን ስም ታወጫለሽ።

ደብሪቱ፦ ውሃን ከጥሩ፣ ነገርን ከሥሩ። ውሃው ቢበላሽ እነሱ እዚህ አይኖሩም ነበር።

አንዳርጌ፦ ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም። ታዲያ ምን ገደላት?

ደብሪቱ፦ ተወው።

አንዳርጌ፦ ጀምረሽ አትዋጪው!

ደብሪቱ፦ ትናንት የለቀምኳቸውን ቤት ወስጄ የመጠጥ ውሃ ከምናጠራቅምበት በርሜል ቀድቼ ጨመርኩባቸው። እግራቸውን አጥፈው ቀሩ። በርሜሉ ድሮ ምን ነበረበት?

አንዳርጌ፦ የአረም መድኃኒት። እማዬ ግን በአመድ ደጋግማ አጥባዋለች። እኛስ እየጠጣን አይደል?

ደብሪቱ፦ እኛ ትልልቆች ነን።

አንዳርጌ፦ እማዬ... የልጄን ሆድ ያለሰልስላታል ብላ የአብሽ ውሃ በማንኪያ ታቀምሳት ነበር።

ደብሪቱ፦ ውሃውን ከየት ቀድታ?

አንዳርጌ፦ አትጠይቂኝ!

ደብሪቱ፦ እርግጠኛ አይደለሁም፣ ጋሼ። ተሳስቼም ይሆናል።

አንዳርጌ፦ አልተሳሳትሽም፤ ፊትሽ ይናገራል። ምንጩ ጤነኛ ነው ካልሽ መንደሩ ሌላ ገዳይ ይፈልጋል። ሚስቴም ትፈልጋለች። እማዬ ከሰማች ደግሞ፣ ገመድ አይቸግራትም።

ደብሪቱ፦ አካፋውን ስጠኝ።

አንዳርጌ፦ ምን ልታደርጊው?

ደብሪቱ፦ ሲሚንቶው ሳይደርቅ ምንጩ ላይ እናፍስሰው። በርሜሉን እኔ ገደል እሰደዋለሁ፤ እማዬ የት ገባ ካለችህ፣ ሌባ ወሰደው በላት።